በሽታን የሚደብቅ ጠብታ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ ግን ነገሩ ተገላብጦ፣ በሽታውን ራሱ የሚደብቅ መድኃኒት በየቤቱ ገብቷል። ይኸውም ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ ነው።

እብናትንና የደብረ ታቦርን አካባቢ የሚያውቅ ሁሉ የዓይን ሕመምን ያውቃል። በኢትዮጵያ ውስጥ ትራኮማ አጥብቆ ከያዛቸው ክፍሎች አንዱ የአማራ ክልል ነው። በዚህም ላይ አቧራውና የማጀቱ ጢስ ዓይንን ያሳክካሉ፤ ያቀላሉ። ስለዚህ ለበዓል ወደ አገሩ የሚገባ ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ «ለእናቴ» ብሎ ያለ ሐኪም ማዘዣ የገዛውን ጠብታ ቢይዝ፣ ምርቃት እንጂ ወቀሳ አይጠብቀውም። ጠብታው ከገባ በኋላ መቅላቱ ይጠፋል፤ ማሳከኩም ይቆማል። ታዲያ ምን ክፋት አለው?

ክፋቱ ከአሠራሩ ላይ ነው። ዓይን ሲታመም ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ስፍራው ይዘምታሉ፤ መቅላቱና እብጠቱም የዚሁ ዘመቻ ምልክት ነው። ስቴሮይድ እነዚህን ዘበኞች ያስተኛቸዋል። ዘበኛው ሲተኛ ጩኸቱ ጸጥ ይላል፤ ሌባው ግን ከቤት አልወጣም። ሄርፐስ የሚባለው ቫይረስ ወይም ሻጋታ በዓይን ላይ ካለ፣ የሚከለክለው አጥቶ ብርሃን የሚገባበትን የዓይን መስታወት ያቈስላል። ትራኮማም ከባክቴሪያ የሚመጣ ስለ ሆነ በአዚትሮማይሲን ወይም በቴትራሳይክሊን ቅባት ይታከማል እንጂ በስቴሮይድ አይድንም። ከዚህም ሌላ፣ ጠብታው ለሳምንታት ሲዘወተር ከሦስት ሰዎች በአንዱ ያህል የዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምራል። ግፊቱ ሳይታወቅ ከቈየ ግላኮማ ይሆናል፤ ግላኮማ የወሰደው ብርሃን ደግሞ አይመለስም። ለረጅም ጊዜ ሲቀጥል የዓይን ሞራም ይከተላል።

ይህን ስል መድኃኒቱን መኰነኔ አይደለም። ኮርቲሶንን ለሕክምና ያበቁት ሊቃውንት በ1950 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙት በከንቱ አልነበረም። ሞራ ከተገፈፈ በኋላ ሐኪም ልኩንና ቀኑን ወስኖ ሲያዘው ዓይንን ይጠብቃል። የሚጐዳው ልክና ቀን ሲያጣ ነው።

እንግዲህ ፊደል የቈጠርን ወጣቶች፣ ከመግዛታችን በፊት የጠርሙሱን ጽሑፍ እናንብብ። ዴክሳሜታሶን፣ ቤታሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል ስም ካለበት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለማንም የሚሰጥ ስጦታ አይደለም። ለጠብታውና ለመላኪያው የምናወጣውን ገንዘብ ለመሳፈሪያ አድርገን፣ እናታችንን ዓይኗን መርምሮ ግፊቱን ከሚለካ ሐኪም ዘንድ እናድርሳት።