ያለ ምክንያት ስላዘነ ሰው

ከቤተ ሰባችን አንዱን ትኩሳት ቢይዘው ሐኪም እንጠራለን፤ ዐዝኖ ዝም ቢል ግን «ምን ጐደለብህ?» ብለን እንገሥጸዋለን። ተግሣጻችንም ብዙ ጊዜ ሕመሙን ያብስበታል። ይህን ነገር ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት መርምሮ የጻፈ የእስልምና ሊቅ ስላለ፥ ትምህርቱን ለአንባቢዎቻችን ልናስታውቅ ወደድን።

ሊቁ አቡ ዘይድ አልበልኺ ይባላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ850 ገደማ፥ ዛሬ አፍጋኒስታን በሚባለው አገር በበልኅ አጠገብ ተወልዶ በ934 ሞተ። ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ ደኅንነት በዐረብኛ የጻፈው መጽሐፍ ሁለት ክፍል አለው፤ ፊተኛው ስለ ሥጋ፥ ኋለኛው ስለ ነፍስ ይናገራል። ሰው ከሁለቱ የቆመ ስለ ሆነ፥ የአንዱ ሕመም ሁለተኛውን ሳይነካ አይቀርም ይላል።

የነፍስን ደዌ በአራት ይከፍለዋል፤ እነዚህም ቍጣ፥ ፍርሀት፥ ኀዘንና ውስዋስ፥ ማለት እየተመላለሰ የሚያስጨንቅ ክፉ ሐሳብ ናቸው። ኀዘንንም ለሁለት ይለየዋል። አንደኛው ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ይኸውም እንደ ወዳጅ ሞት፥ እንደ ገንዘብ መጥፋት ያለው ነው። መድኃኒቱ በጎ ማሰብና የሰው ምክር ነው። ሁለተኛው ምክንያቱ የማይታወቅ ነው። ይህ ከደም መበላሸት ይመጣል ብሎ ስለሚያምን፥ ደም የሚያጠራ መድኃኒት፥ ደስ የሚያሰኝ ጨዋታና ዜማ መስማት ያዝለታል። የደሙ ነገር የዘመኑ ትምህርት ነው፤ የዛሬ ሐኪሞች አይቀበሉትም። ነገር ግን ያለ ምክንያት ያዘነውን ሰው ታማሚ እንጂ ጥፋተኛ አድርጎ አለመቍጠሩ እጅግ የሚያስመሰግነው ነው።

ዳግመኛም እንዲህ ይመክራል፤ ሰው በደኅናው ቀን መድኃኒት በቤቱ እንደሚያኖር፥ ልቡ ጸጥ ባለ ጊዜ መልካም ሐሳብ ያከማች፤ ቍጣ ወይም ፍርሀት በመጣበት ጊዜ ያን አውጥቶ ይታከምበታል። ውስዋስ የያዘው ሰውም ብቻውን መቀመጥ አይገባውም።

ሱዳናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ማሊክ በድሪ (1932–2021) የነፍሱን ክፍል በ2013 በእንግሊዝኛ አሳትሞ፥ ሐሳብን በማቅናት ከሚደረገው ከዛሬው ሕክምና ጋራ እንደሚመሳሰል አስረድቷል።

እንግዲህ ወላጆችና የቤት ባለቤቶች ሆይ፥ በቤታችሁ ያለ ምክንያት ያዘነ ሰው ብታዩ ከመገሠጽ በፊት አብራችሁት ተቀመጡ፤ ቃላችሁንም አለዝቡ። ኀዘኑ ቢሰነብት፥ እንቅልፍና ምግብም ቢከለክለው፥ ትኩሳት እንደ ያዘው ሰው ሳታፍሩ ወደ ሐኪም ውሰዱት።