የአረጋውያን መጦሪያ በምን ይመዘናል? ከቡናው ምድር የሚነሣ ጥያቄ

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባሉ የቡና ቀበሌዎች በአብያተ ክርስቲያናት ደጅ ተቀምጠው የምእመናንን እጅ ከሚጠብቁት አረጋውያን መካከል ከሩቅ አገር የመጡ ጥቂት አይደሉም። በደርግ ዘመን በመንግሥት እርሻነት የተስፋፉት የበበቃና የቴፒ የቡና ልማቶች ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ብዙ የጉልበት ሠራተኛ ስበዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያትም ከሰሜኑ የአገራችን ክፍል ተነሥተው ወደ ምዕራቡና ወደ ደቡብ ምዕራቡ የሰፈሩ ወገኖች ብዙ ናቸው። ያኔ ሃያና ሠላሳ ዓመት የነበራቸው ሰዎች ዛሬ ስድሳውንና ሰባውን አልፈዋል።

የቀን ሠራተኛ ጡረታ የለውም። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ እንኳ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜያቸውን በለቀማ፣ በምንጠራና በጭነት ያሳለፉት ሰዎች ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈሩም። የትውልድ ቀያቸው ሩቅ ነው፤ ወንድምና እኅታቸው ሞተዋል ወይም ረስተዋቸዋል። ዕድር አላቸው፤ ይሁን እንጂ ዕድር ሲሞቱ ይቀብራል እንጂ በሕይወት ሳሉ አያጥብም፣ አያጎርስም። የአካባቢው ተወላጅ ሆነው ልጆቻቸው ለትምህርትና ለሥራ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ የሄዱባቸውም ኑሯቸው ከእነዚህ ብዙ አይለይም።

እንዲህ ያለውን ችግር ያየ ምእመን «መጦሪያ እናቋቁም» ቢል አያስገርምም። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ለዚህ ሐሳብ ትልቅ ብርታት ሰጥቷል። በአቶ ቢኒያም በለጠ መሥራችነት በአዲስ አበባ ከጥቂት ሰዎች ተጀምሮ በልዩ ልዩ ከተሞች ቅርንጫፎችን የከፈተው ይህ ማዕከል ዛሬ ከ7 ሺሕ በላይ ወገኖችን ይረዳል። በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማስፈጸሚያ በቀጥታ ሥርጭት የተካሄደው የገቢ ማሰባሰቢያ በአገር ውስጥም በውጭም ያለውን ሕዝብ እንዴት እንዳነቃነቀ ሁላችንም አይተናል። ምስጋና ይገባል። ይሁን እንጂ ለጋሽ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ሆኗል፤ «ስንት ሰው ይዛችኋል?» የሚለው። ቁጥሩ በሩ ክፍት መሆኑን ይነግረናል። ከበሩ በስተ ጀርባ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ራሷን መገልበጥ የማትችል እናት ማን እንደሚያገላብጣት ግን አይነግረንም።

የአገልግሎትን ጥራት መመርመር ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው በኢየሩሳሌም የነበረችው የመጀመሪያይቱ ጉባኤ መበለቶችን በየዕለቱ ትመግብ ነበር። ማዕዱ ነበረ፤ የሚያድሉም ነበሩ። ሆኖም የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት አይሁድ መበለቶቻቸው ችላ መባላቸውን ገልጠው አጕረመረሙ። ሐዋርያት ቅሬታውን እንደ ስድብ አልቈጠሩትም፤ «በነጻ እየበላችሁ» ብለውም አላሳፈሯቸውም። ጉባኤውን ጠርተው መልካም ምስክርነት ያላቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱም ስሞች ግሪካዊ ስሞች መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ አደራው የተሰጠው ቅሬታው ከመጣበት ወገን ሳይሆን አይቀርም። የዲቁና አገልግሎት ታሪክ የሚነሣው ከዚህ የቅሬታ ምላሽ ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ለድኾች፣ ለሕሙማንና ለእንግዶች ያሠራው ታላቅ መጠለያም የዚህ አገልግሎት ቅጥያ ነው።

እንግዲህ አንድ መጦሪያ በቡናው ምድር ቢቋቋም በምን ይመዘን? በመጀመሪያ በዝናቡ። የዚህ አገር ዝናብ ከዓመቱ አብዛኛውን ወራት ይይዛል። ሽንቱን መቈጣጠር የማይችል አረጋዊ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ አንሶላ ይቀየርለታል፤ የታጠበው አንሶላ ግን በክረምት በሁለት ቀንም አይደርቅም። ስለዚህ «ስንት አልጋ አላችሁ?» ከማለት ይልቅ «ለአንድ አልጋ ስንት አንሶላ አላችሁ? የት ታደርቁታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያሳያል። እርጥብ ፍራሽ ላይ ያደረ ገላ ይላላል፤ የላላ ገላ ቶሎ ይቈስላል። በመተኛት ብዛት የሚመጣ ቍስል በወገብ፣ በዳሌና በተረከዝ ላይ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ መከላከል የሚቻለውም የተኛውን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በማገላበጥና ገላውን በማድረቅ ነው። የአንድን መጦሪያ እውነተኛ ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ነርስ ከቢሮው መዝገብ አስቀድሞ የተኙትን ሰዎች ተረከዝ ቢያይ ይበጀዋል።

ጭቃውም አለ። ከመኝታ ቤት እስከ መጸዳጃ ቤት ያለው መንገድ ድንጋይ ያልተነጠፈበት፣ መደገፊያ እንጨት የሌለው፣ ማታ መብራት የማይበራበት ከሆነ አንድ አረጋዊ ወድቆ ዳሌው ይሰበራል፤ በዚያ ዕድሜ የተሰበረ ዳሌ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዳግመኛ ከአልጋ አያስነሣም። ብዙዎች ውድቀትን ፈርተው ውኃ መጠጣት ይተዋሉ፤ ሌሊት ላለመነሣት ሲሉ። ወባ ባለበት ቈላ አጎበር መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም፤ እጁ የሚንቀጠቀጠውን ሰው አጎበሩን የሚዘረጋለት ያስፈልገዋል።

ምግቡም በመጠኑ ብቻ አይመዘንም። ጥርስ ለሌለው ሰው ደረቅ እንጀራ አቅርቦ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳህኑን ማንሣት መመገብ አይባልም። ቋንቋም ከእንክብካቤው ክፍል ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ቤንችኛ፣ ካፍኛ፣ ሸክኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ ተናጋሪዎች ሊገናኙ ይችላሉ። አእምሮው በእርጅና የደከመ ሰው ኋላ የለመደውን ቋንቋ እየረሳ ወደ እናቱ ቋንቋ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ «አመመኝ» የሚለውን በዚያ ቋንቋ የሚሰማው ከሌለ ሕመሙ እንደ ጠባይ ብልሽት ይቈጠርበታል። ቡናውንም አንርሳ። ዕድሜውን ሁሉ ቡና ሲለቅም የኖረን ሰው ጀበና በሌለበት ቤት ማስቀመጥ ጕዳቱ በሕክምና መዝገብ ላይ ባይጻፍም ጕዳት ነው።

መንፈሳዊውን እንክብካቤ በተመለከተ «ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው» ማለት አይበቃም። መራመድ የማይችለው አረጋዊ ንስሓ አባቱ ወደ እርሱ ይመጣሉን? ለቅዱስ ቍርባን የሚሸከመው ሰው ተመድቧልን? ጾም በገባ ጊዜ መድኃኒት የሚወስዱት ሰዎች ጉዳይ በንስሓ አባትና በሐኪም ምክር ይታያል ወይስ ለወጥ ቤቱ ምቾት ሲባል ሁሉም በአንድ ይታለፋል? በዚህ አካባቢ በእምነት የማይመስሉን ብዙ ወገኖች ስለሚኖሩም ሌላ ጥያቄ ይከተላል። የእኛ ያልሆነ አረጋዊ ወደ ቤታችን ቢገባ እንጀራውን በእምነቱ እንዲገዛ ልናደርገው አይገባም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጠቀሰው ደጉ ሳምራዊ የቈሰለውን ሰው ሃይማኖት ሳይጠይቅ ነው ዘይት ያፈሰሰለት።

ሀብት ብቻውን ይህን ሁሉ እንደማያመጣ በ2012 ዓ.ም. ዓለም አይቷል። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት ካናዳ በአረጋውያን መኖሪያዎቿ የሠራተኛ እጥረት ስለ ገጠማት ወታደሮቿን ለእርዳታ ላከች። ወታደሮቹ በኦንታሪዮ ስላገኟቸው ቤቶች ያቀረቡት ሪፖርት የነዋሪዎችን ቸልታ፣ የንጽሕና ጕድለትንና ሰሚ ያጣ ጩኸትን የሚገልጥ ነበር። አገሪቱ ሕግም ተቈጣጣሪም ነበራት። በአሜሪካም መንግሥት እነዚህን ቤቶች ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣቸዋል፤ ይሁን እንጂ ኮከቡ ከሚሰላበት መረጃ ከፊሉን የሚያቀርቡት ራሳቸው ቤቶቹ በመሆናቸው ብዙ ትችት ቀርቦበታል። በእነዚያ ቤቶች ውስጥ በረዳትነት የሚሠሩ የእኛ ልጆች ብዙ ናቸው። የሰውን ወላጅ እያጠቡ የራሳቸውን ወላጅ ከሩቅ የሚጦሩት እነርሱ ሰው በጐደለበት ሌሊት ምን እንደሚቀር ከማንኛችንም በላይ ያውቃሉ፤ ገንዘብ ሲላክ ምክራቸውንም አብረን ብንጠይቅ መልካም ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1991 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቈጣጠር ያጸደቃቸው የአረጋውያን መርሖች ከእንክብካቤ ጋር ነጻነትን፣ ተሳትፎን፣ ራስን ማሳደግንና ክብርን ያነሣሉ። የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5ም መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። ክብር ከተነሣ ግን ስለ ካሜራ መናገር ግድ ነው። ከጎዳና የተነሣ አረጋዊ ሳይታጠብ፣ ልብሱ ሳይለወጥ፣ ፈቃዱ ሳይጠየቅ ፊቱ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሰራጭ እናያለን። ገንዘብ እንደሚያስገኝ ይታወቃል። ነገር ግን ሰውየው እንቢ ለማለት የማይችልበት ቦታ ላይ ሳለ የተወሰደ ፈቃድ ፈቃድ አይባልም፤ በጌታችን ትምህርት ግራ እጅ እንኳ እንዳታውቀው የተባለው ምጽዋትም ይህን አይመስልም።

ከዚህ ሁሉ በፊት መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት (1ጢሞ. 5) ልጅና የልጅ ልጅ ያላቸውን መበለቶች አስቀድሞ ቤተሰቦቻቸው እንዲረዷቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በእውነት ብቻቸውን ለቀሩት እንድትደርስ ይለያል። ጌታችንም ለእግዚአብሔር ቍርባን ሰጠሁ በሚል ምክንያት የአባትና የእናትን ጡር የሚሸሹትን ገሥጿል (ማር. 7)። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ልጆች የተቸገሩ ወላጆቻቸውን የመቀለብ ግዴታ እንዳለባቸው ደንግጓል። እንግዲህ በደጃችን ከተቀመጡት አረጋውያን ስንቶቹ መጦሪያ፣ ስንቶቹ ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጠይቃቸው፣ ልብሳቸውን የሚያጥብላቸውና የቤት ኪራያቸውን የሚሸፍንላቸው ሰው ብቻ እንደሚያስፈልጋቸው ሳይለይ መሠረት መቈፈር አያዋጣም። በእኔ አመለካከት የኋለኞቹ ይበዛሉ፤ ለእነርሱ ሰንበት ትምህርት ቤቱና የሰንበቴው ማኅበር ያለ ሕንፃም ሊደርሱላቸው ይችላሉ።

የቀሩት ብቸኞቹና አልጋ የያዙት ቤት ያስፈልጋቸዋል። ያን ቤት የሚያስተዳድረው ኮሚቴ ራሱን መመርመር አይችልም። ከአስተዳደሩ ውጭ የሆኑ ሦስት ወይም አራት ሰዎች፣ ከእነርሱም አንዱ በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ የሚሠራ የጤና ባለሙያ፣ ሌላዋም የአካባቢውን ቋንቋ የምታውቅ እናት ብትሆን፣ ቀን ሳይቀጥሩ፣ አንዳንድ ጊዜም በሌሊት ገብተው እንዲያዩ በጽሑፍ ሥልጣን ይሰጣቸው። የሞቱትም ስማቸው፣ ቀኑና ምክንያቱ ይጻፍ፤ ዘመድ የሌለውን ሰው ሞት የሚጠይቅ ስለማይኖር። ያዩትን ለሰበካ ጉባኤው ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን ላዋጣው ምእመን በዓመት አንድ ጊዜ በዐውደ ምሕረት ያንብቡት፤ ጕድለቱንም ጨምረው።

የቡና መኸር ሲደርስ እጅ ይፈታል፤ ስለትና አሥራት ይበዛል፤ ለሕንፃ የሚሰጥም አይጠፋም። ሕንፃ ግን አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ሌሊቱ በየቀኑ ይመሻል። ስለዚህ የመሠረት ድንጋይ የሚቀመጥበት ቀን ከመቈረጡ በፊት ሌሊት ነቅተው የሚያድሩት ሁለት አስታማሚዎች ደመወዝ ከሚያዝያ እስከ መስከረም፣ ቡና በማይሸጥበት ጊዜ፣ ከየት እንደሚከፈል በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።