ባርኔጣው ከምሰሶው ይውረድ



ባለፈው ሰሞን በመሠረተ ትምህርት ጣቢያችን ከ«በ» እስከ «ቦ» ቆጥረን ስንጨርስ፣ በ«ባ» የሚጀምር ቃል ስጡኝ ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ «ባቄላ» አለ። አንዷ «ባል» አለች፤ ተሳቀ። ከወደ ኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ደግሞ «ባርኔጣ!» አሉ። ያን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ አወካ። እኔ ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም ነበር። ኋላ ሲነግሩኝ፣ እኚህ አባት ከጎንደር የገዙት ጥሩ የሱፍ ባርኔጣ አላቸው ለካ። ባርኔጣው ከቤታቸው ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። የሚወርደው ለገበያ፣ ለሠርግና ለንግሥ ብቻ ነው። ለእርሻና ለአጨዳ ሲወጡ ራሳቸው ባዶ ነው፤ ቢበዛ የጋቢያቸውን ጫፍ ጣል ያደርጉበታል።

እኔም ከሰው ጋር ሳቅሁ። ማታ ግን ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ አመሸሁ። ሥራ የሚሠራው ራስ ባዶውን ይውላል፤ ባርኔጣው ጥላ ውስጥ ተሰቅሎ ያርፋል። ይህ የእኚህ አባት ነገር ብቻ አይደለም። በየቤቱ ስገባ ያየሁት ነው።

ባርኔጣ በአገራችን ለረጅም ጊዜ የክብር ዕቃ ሆኖ ኖሯል። የዳግማዊ ምኒልክን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ያስታውሳል፤ ነጭ ሻሽ አስረው በላዩ ላይ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው ነው የሚታዩት። ጌታ የሚያደርገው ነገር ስለሆነ ገበሬውም ሲያገኘው እንደ ጌታ ዕቃ አስቀመጠው። እኔ ግን ባርኔጣን እንደ ሞፈርና እንደ ማጭድ ብናየው ይሻላል እላለሁ። ማጭድን ለሠርግ ብሎ የሚሰቅል የለም።

አሁን ስለ ፀሐይዋ እንነጋገር። አምባ ጊዮርጊስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ፀሐይን የሚያጣራልን አየር እየሳሳ ይሄዳል። በየ1,000 ሜትሩ፣ ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳው በዓይን የማይታይ ጨረር ከመቶ 10 እጅ ያህል ይጨምራል። እኛ ደጋ ነን፣ ብርድ ነው፣ ፀሐይ የቆላ ሰው ጣጣ ናት እንላለን። ብርዱ ያታልለናል። ቆዳችን ሙቀት ባይሰማውም ጨረሩ ሥራውን ይሠራል።

ደግሞ ልብ በሉ። በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ግድም፣ ቀትር ላይ ፀሐይ በአናታችን ትክክል ትቆማለች፤ ጥላችን ከእግራችን ሥር ይገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ማለት በአጨዳና በውቂያ ጊዜ፣ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ያን ጊዜ የምትመታው አናትን ብቻ አይደለም። ፊትን፣ ጆሮንና ማጅራትን ነው። ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ የባሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ዋናው የሥራ ሰዓታችን ነው።

ዓይንንም አንርሳ። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የዓይን ጥናት ተደርጎ ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ ሰዎች ግማሽ ያህሉን ያሳወራቸው የዓይን ሞራ መሆኑ ታወቀ። ሞራ በአብዛኛው በዕድሜ የሚመጣ ነው። ባርኔጣ ያደረገ ሰው ሞራ አይነካውም ብዬ አልዋሻችሁም። ነገር ግን የብዙ ዓመት ፀሐይ ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ መሆኑን ሐኪሞች ይናገራሉ። አንዴ ሞራ የያዘው ሰው ደግሞ ባርኔጣ አይመልስለትም፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለው፤ ከእኛ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው።

እንግዲህ ባርኔጣ ሲገዛ ምን ይታያል? ገበያ ላይ ሰው ሲገዛ ቆሜ አይቻለሁ። ራሱ ላይ ያደርግና፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጓደኛውን «አማረብኝ?» ይለዋል። «አምሮብሃል» ይባላል፤ ይከፈላል። እኔ የምለው፣ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ገበያው መካከል ጎንበስ በሉ! ገብስ እንደምታጭዱ ሆናችሁ ጎንበስ በሉና ሁለተኛ ሰው ማጅራታችሁን ይይ። ሰው ይሳቅ። ገበሬ ቀኑን የሚውለው ቆሞ አይደለም። ከፊት ብቻ ጥላ ያለው ኮፍያ ለቆመ ሰው ደህና ነው፤ ለጎነበሰ ሰው ግን መሬቱን ያጠላለታል እንጂ ማጅራቱንና ጆሮውን አያድንለትም።

ክፈፉ፣ ማለት ዙሪያውን የተዘረጋው ጠርዝ፣ ስፋቱ በአራት ጣት ይለካ። አራት ጣት ገጥማችሁ ስታስቀምጡት 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ግድም ይሆናል። ከዚያ ካነሰ ጆሮ ውጭ ይቀራል። በጣም ከሰፋም የእኛ ነፋስ ይወስደዋል።

የሳር ባርኔጣ ከሆነ ወደ ፀሐይ አንሱና መዳፋችሁን ከሥሩ ዘርጉ። መዳፋችሁ ላይ ብዙ የብርሃን ነጠብጣብ ካያችሁ ተዉት፤ ያ ወንፊት ነው። አናቱ ላይ ትንሽ ቢተነፍስ ግን ጥሩ ነው፣ ላብ ያወጣል። የፕላስቲኩ ርካሽ ነው፤ ግን አያስተነፍስም፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። የሱፉ ይከብዳል፣ ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ ይብሳል። ለክረምት ያው የእረኛው ገሳ ይበልጣል።

ልኩን በክር ውሰዱ። ክሩን ከቅንድብ በላይ፣ ከጆሮ በላይ አዙራችሁ ቋጥሩት፤ ከዚያ ባርኔጣውን በክሩ ለኩ። ሻሽ የምታስር ሴት ከነሻሿ ትለካ። ባርኔጣው ሲወልቅ ግንባር ላይ ቀይ መስመር ከቀረ ጠቧል፤ ቀኑን ሙሉ ራስ ምታት ነው። ከሰፋ ግን መላ አለው። በውስጥ በኩል የጨርቅ ቁራጭ ወይም የታጠፈ ወረቀት ዙሪያውን መጠቅጠቅ ነው። ይህንን ጋዜጣም ቢሆን መጠቅጠቅ ይቻላል፤ ብቻ አስቀድማችሁ አንብቡት። ማሰሪያ የሌለውን ባርኔጣ ወደ ውቂያ አትውሰዱ። ምርቱን በላይዳ ለነፋስ ስትሰጡ ነፋሱ ባርኔጣውንም አብሮ ይቀበላል፤ በበሬ ፊት ሲበር ደግሞ በሬው ይደነብራል።

አሁን ወደ ሴቶቹ ልምጣ። እዚህ ላይ ጥፋቴን መናገር አለብኝ። ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ «እናንተ እናቶች ባርኔጣ የማታደርጉት ባህል ይዟችሁ ነው፤ ይህ ኋላ ቀርነት ነው» ብዬ ተናገርኩ። አንዲት እናት ዝም ብለው ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ አንተ እንስራ አዝለህ ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «እንግዲያ እዘልና ንገረኝ» አሉ።

በማግሥቱ የሰው ባርኔጣ ተውሼ፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን አዝዬ ከምንጭ ወጣሁ። አሥር እርምጃ ሳልሄድ የባርኔጣው ክፈፍ ከኋላ በጀሪካኑ ተገፍቶ ዓይኔ ላይ ወረደ። አቃናሁት፤ ወረደ። ልጆቹ እየተከተሉ ይስቃሉ። እኚያ እናት ልክ ነበሩ። ባህሉም አለ፤ ሰው ምን ይለኛል የሚለው አለ። ነገር ግን ባርኔጣው ራሱ የተሠራው ጀርባው ላይ ምንም ላልተሸከመ ሰው ነው። እንጨትም ውሃም ሕፃንም የምታዝለው ሴት አልታሰበችበትም። አረም ላይ ግን ከወንዱ እኩል ጎንበስ ብላ ትውላለች፤ ራሷ ላይ ያለው ሻሽ ብቻ ነው። ሻሽ ፀጉርን ይሸፍናል፤ ለፊትና ለዓይን ጥላ አይሆንም።

ስለዚህ ያንን ስናወራ የወጣ ሐሳብ አለ። ድርብ አቡጀዲ ወይም ሸራ ገዝቶ ለልብስ ሰፊ መስጠት ነው። ክፈፉ ከኋላ በኩል በቁልፍ ወደ ላይ የሚታጠፍ ይሁን። ሸክም ላይ ይታጠፋል፤ አረም ላይ ይወርዳል። ከክፈፉ ሥር ጠቆር ያለ ጨርቅ ቢደረግ ከመሬት የሚመለሰውን ነጸብራቅ ይቀንሳል። ይህን ያህል ከባድ ስፌት አይመስለኝም።

የሳሩንም ቢሆን የግድ ከሩቅ መጠበቅ የለብንም። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሀላባ የሚባል ሕዝብ አለ፤ ከተማው ቁሊቶ ይባላል። የሀላባ ገበሬ ረጅም፣ ወደ ላይ የሾጠጠ የሳር ባርኔጣ ያደርጋል። ከሩቅ ያየው ሁሉ የሀላባ ሰው መሆኑን ያውቃል። በቬትናም የሩዝ ማሳ ላይ ሴቱም ወንዱም ከቅጠል የተሠራ ሾጣጣ ባርኔጣ ደፍቶ ይሠራል። የሜክሲኮ ገበሬ ባርኔጣ «ሶምብሬሮ» ይባላል፤ ስሙ «ሶምብራ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ትርጉሙ ጥላ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ያላቸው ሳርና እጅ ነው። የእኛ እናቶች በስንደዶና በአክርማ ያንን የመሰለ መሶብ ይሰፋሉ። እረኞቻችን ገሳ ይጎነጉናሉ። ባርኔጣ ያቅታቸዋል? አንድ ቤት ውስጥ አንድ ሕፃን የመሶቡን ክዳን ደፍቶ ሲሮጥ አይቼ፣ እነሆ ባርኔጣ ብያለሁ፤ እናቱ ግን ክዳኑን ቀምታ አባረረችው።

የስንዴ አገዳም ይሆናል። በሌላ አገር ዋናው የባርኔጣ ሳር እሱ ነው። ግን በሬ ከረገጠው በኋላ አይሆንም፤ ተሰባብሮ ገለባ ይሆናል። ከውቂያ በፊት ረጃጅሙን አንድ ሁለት ጭብጥ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ሲሠራ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ይለሰልሳል፣ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል፤ ጉንጉኑ እየተጠመዘዘ ይሰፋል። ከብቱ በሁለት ጭብጥ ገለባ አይራብም።

ማን ያስቀድም ብትሉኝ፣ እረኛው ልጅ ይቅደም እላለሁ። እሱ ከጧት እስከ ማታ ጥላ በሌለበት ሜዳ ነው፤ ከፊቱም ብዙ የፀሐይ ዓመት አለው። ለየራሱ ይሰጠው እንጂ አንዱን ባርኔጣ ለሦስት ልጅ አታዋውሱ፤ ቆረቆር ከራስ ወደ ራስ ይተላለፋል። ቆዳውና ፀጉሩ ነጭ ሆኖ የተወለደ ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ ሰው የሚያወራውን ተዉትና ዛሬውኑ ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ አልብሱት። ለእሱ ፀሐይ ከሁላችን ይልቅ ጠላት ናት።

እንስራ አዝል ያሉኝ እናት ባለፈው ሳምንት የልጃቸውን ራስ በፈተሉት ክር ለክተው መጡ። ክሩን በማስመሪያ ለካነው። ቁጥሩን እኔ ሳልነግራቸው ራሳቸው አነበቡት፤ 52። ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ባለ ሱፍ ባርኔጣው አባት ግን እስካሁን እንቢ እንዳሉ ናቸው። «አባባ፣ አንቱ፣ ለአጨዳ እንኳ ይውረድ እንጂ» ስላቸው፣ «ከወረደማ ይቆሽሻል፤ ለፋሲካ ምን ላድርግ?» ይሉኛል። የሳር ሌላ ይሠራልዎ ብዬአቸዋለሁ። እናያለን ብለዋል።