ግድግዳ ፈቃድ አይጠየቅም

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል በሚወርደው የቸርችል ጎዳና የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሜያለሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ አስፋልቱ ያብረቀርቃል። ፀሐይዋ ወጥታ አንድ አሮጌ ሕንጻ በረንዳ ላይ አርፋለች፤ የብረት መከታው ጥላ ግድግዳው ላይ ተዘርግቷል። እንዲህ ያለ ብርሃን ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው የሚቆየው። ሌንስ ቀይሬ ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ ጥበቃው ከች አለ።

«ጋሼ፣ ፎቶ ክልክል ነው።»

«ማን ከለከለው?»

«ከላይ የመጣ ነው።»

«የቆምኩት እኮ መንገድ ላይ ነው፤ ግቢያችሁ አልገባሁም።»

«ሕንጻው የእኛ ነው። ያነሱት ካለም ያጥፉት።»

ይህን ስንነጋገር ሁለት ወጣቶች መጥተው እዚያው ሕንጻ ፊት ለፊት ስልካቸውን አጥር ላይ አስደግፈው መጨፈር ጀመሩ። ቪዲዮ ቀረጹ፣ አልወደዱትም መሰለኝ ደገሙት፣ ከበሩ ሥር ተደግፈውም ፎቶ ተነሱ። ጥበቃው ዞር ብሎም አላያቸው። እነሱ ጨርሰው ሲሄዱ ብርሃኑም አብሮ ሄዷል።

የዚህ ዓምድ ቋሚ አንባቢዎች ይህን ጠብ ታውቁታላችሁ። በጥበቃው ልጅ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ብርድ ላይ ያደረ፣ የታዘዘውን የፈጸመ ሠራተኛ ነው። ቅሬታዬ ካዘዘው ሰው ጋር ነው። «ለጸጥታ ነው» የሚለውን መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አንድም ቀን አልተዋጠልኝም። የሕንጻውን ጣሪያ ሳተላይት ያነሳዋል፤ በሩን አላፊ አግዳሚው ሁሉ በስልኩ ያነሳዋል። ክፉ ያሰበ ሰው ትልቅ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ትራይፖድ ተክሎ፣ «እዩኝ» ብሎ አይመጣም። የጦር ሰፈር አላነሳም፣ ቤተ መንግሥት አጠገብ ካሜራ አላወጣም፤ ይህን ማንም ፎቶ አንሺ ያውቃል። የምናገረው ስለ ሱቅ፣ ስለ ባንክ ቤት ደጃፍ፣ ስለ ሆቴል በረንዳ፣ ስለ ተራ ግንብ ነው።

ሕጉ የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሚጠብቀው የሰውን ምስል ነው፦ ሰውየው ሳይፈቅድ ፎቶው ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ። ተከታዩ አንቀጽ 28 በአደባባይ ለተፈጸመ ነገር፣ ሕዝብን ለሚመለከት ሥነ ሥርዓት፣ በሥልጣኑ ወይም በዝናው ለታወቀ ሰው በሩን ከፈት ያደርጋል። እነዚህ አንቀጾች ስለ ሰው የተጻፉ ናቸው፤ ግድግዳ ክብሩ ተነካ ብሎ የሚከስበት ቦታ የላቸውም። ቁጥሮቹን በቃሌ የያዝኳቸው መንገድ ላይ በየጊዜው ስለሚያስፈልጉኝ ነው፤ እስካሁን ግን አንድም ጥበቃ በአንቀጽ ሲረታ አላየሁም።

በሕጉ በእውነት የሚጠቀሙት ሌሎች ናቸው። ሾላ ገበያ ቅቤ የሚሸጡ አንዲት እናት ካሜራዬን ሲያዩ መዳፋቸውን ወደ ፊታቸው ወሰዱና «ልጄ፣ ዛሬስ አታንሳኝ፤ እንዲህ ሆኜ ማንም እንዲያየኝ አልፈልግም» አሉኝ። ካሜራውን ወዲያው አወረድኩ። ፊቱ የሳቸው ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ለፋሲካ ሰሞን በዚያ ሳልፍ ጠሩኝ፤ ጥበብ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ሹሩባ ተሠርተዋል። «በል አሁን አንሳኝ፤ ግን ሳታጥብልኝ እንዳትቀር» አሉ። አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። የጎረቤት ሻጮች ፎቶውን እየተቀባበሉ ሲያዩ የሳቸው ፊት ላይ የነበረውን ደስታ ብታዩ፣ ፈቃድ መጠየቅ ለምን ሥራችንን እንደሚያሳምረው ትረዱኝ ነበር። ሰው «አታንሳኝ» ሲል የራሱን ነው የሚጠብቀው። ከመንገድ ላይ ስለሚታይ ግንብ «አታንሳ» የሚል ግን የሁላችንን ዕይታ ነው የሚወስደው።

ካሜራ ይዞ የሚኖር ሰው ከሕዝቡ ጋር አይጣላም፤ ይህን ብዙ ጊዜ ታዝቤያለሁ። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ ተገኝታችሁ ከሆነ ጸበሉ በጎማ ሲረጭ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሰዉ እጁን ዘርግቶ ወደ ውሃው ይገፋል፣ እኔ ደግሞ ካሜራዬን በፌስታል ጠቅልዬ አብሬ እገፋለሁ። ፌስታል ግን ሌንሱን አይሸፍንም። አንድ ዓመት ውሃው ፊት ለፊት መታኝ፤ በቀዳዳው የሚታየኝ ሁሉ ጭጋግ ሆነ፣ የያዝኩት መጥረጊያ ጨርቅም ርሶ ይጨመቃል። የማላውቃቸው እናት ከሕዝቡ መሀል የነጠላቸውን ደረቅ ጫፍ ፈልገው «አምጣ እስቲ» ብለው ሌንሱን ጠረጉልኝ፤ ከዚያ ለራሳቸው ጸበሉን ሊረጩ ወደ ፊት ሄዱ። የዚያን ቀን የልጆቹ ፊት ላይ የውሃው ጠብታ ሲበተን ያነሳሁት ፎቶ የሳቸውም ሥራ ነው።

ሰርግ ላይም መከራው ሌላ ነው። ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ፣ አባት እንባቸው ሊመጣ ሲል፣ አንድ የአክስት ታብሌት በሌንሴና በአባትየው ፊት መሀል ይቆማል። ይህን ጊዜ ማንም ደግሞ አይሠራውም። አክስትየዋን ግን አልወቅሳቸውም፤ ስለወደዱ ነው፤ እኔ ቦታዬን እቀይራለሁ። ፍቅር ሲጋርደኝ መንገድ አላጣም። ክልከላ ሲጋርደኝ ነው የማጣው።

ነገሩ ከእኔ የጠዋት ብርሃን በላይ ነው። ወሎ በረሃብ ሲያልቅ ነገሩ ለዓለም የታየው ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ጥቅምት 1966 ላይ ባቀረበው ፊልም ነው። እኛ በቴሌቪዥናችን ያየነው ደርግ ንጉሡን ሊያወርድ ሲዘጋጅ ነው፤ የረሃቡ ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀጣጥሎ በ1967 የዘመን መለወጫ ማታ ታየ፣ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ምስሉን የከለከለው መንግሥት ቢሄድም የተካው ደርግ ከዚህ አልተማረም። ከ10 ዓመት በኋላ፣ ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር፣ ወደ ሰሜን መሄጃ ፈቃድ ማግኘት ለጋዜጠኛ ከባድ ነበር። ኬንያዊው መሐመድ አሚን ከማይክል በርክ ጋር ኮረም ገብቶ የቀረጸው ጥቅምት 13 ቀን 1977 በቢቢሲ ሲታይ ነው እርዳታው ከየአቅጣጫው መጉረፍ የጀመረው። ካሜራው ቀድሞ ቢገባ ኖሮ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር? ይህን ጥያቄ «ክልክል ነው» የሚል ማንኛውንም ባለሥልጣን ፊት ለፊት ብጠይቀው ደስ ይለኛል።

መሐመድ አሚንን ሳነሳ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ግንቦት 27 ቀን 1983 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ እየቀረጸ ነበር፤ ድምፅ ቀራጭ ባልደረባው ጆን ማታይ ሞተ፣ እሱ ግራ እጁን አጣ። በሰው ሠራሽ እጅ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የተጠለፈ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ነበር ሕይወቱ ያለፈው። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ከተማ የሠራውን ሥራ ከሞያው ሰዎች ውጭ ስንቱ ያስታውሰዋል?

ወደ ሕንጻዬ ልመለስ። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ስልኬ ይጮህ የጀመረው ከመፍረሱ በፊት አልነበረም፤ ከፈረሰ በኋላ ነው። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ውጭ ሀገር የምትኖር ሴት ደውላ «የግቢያችን በር ፎቶ ይኖርሃል?» አለችኝ። በሩን ነገረችኝ፦ ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ከላዩ የተሰበረ አምፖል፣ ከጎኑ ቡና የሚቆላበት ቤት። ቦታውን አወቅሁት። እዚያ መንገድ ላይ ካሜራ አውጥቼ ነበር፤ ከማዶ ያለ የአንድ መጋዘን ጥበቃ መጥቶ ካሜራውን ወደ ቦርሳ አስመለሰኝ። ሃርድ ዲስኬን ሌሊቱን ሙሉ ፈተሽኩ፤ ከዚያ መንገድ ያለኝ ከሩቅ የተነሳ የጣሪያ ፎቶ ብቻ ነው። ላክሁላት። «ጣሪያውማ የሁሉም አንድ ነው» አለችኝ። ምን ልመልስላት?

አርመኖቹ ቦያጂያኖች ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እስከ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱን በካሜራ ስለተከተሉ፣ የነገሥታቱን ፊት ዛሬ እናውቀዋለን። የሰፈሩን፣ የጠላ ቤቱን፣ የቆርቆሮ አጥሩን ግን ማን ያነሳዋል? ነገ የሚፈርሰው እሱ ነው፤ ዛሬ የሚከለከለውም እሱ ነው።

ፎቶ ያጣ ሰው ደግሞ ይፈበርካል። ሰሞኑን «የድሮ ፒያሳ» ተብለው በፌስቡክ የሚዞሩ በኤአይ የተሠሩ ምስሎችን አይታችኋል? ሕንጻዎቹ የየት ሀገር እንደሆኑ አይታወቅም፣ የሱቁ ጽሑፍ ፊደል የሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ነገር ነው። ከሥሩ ሰዎች «አይ የልጅነቴ ሀገር!» እያሉ ይጽፋሉ። አዝናለሁ፣ እናደዳለሁም። የዚያ ሰው ልጅነት ሌላ ነበረ፤ እውነተኛው ምስል ስለሌለ ነው የውሸቱን ያቀፈው።

ይኸው ነገር ስቱዲዮዬም ገብቷል። ሰው ሲሞትበት ቤተሰብ ማታ ይመጣል፤ ጠዋት ለቀብር የሚያዝ ትልቅ ፎቶ ይፈልጋል፤ ያላቸው ግን የቀበሌ መታወቂያ ላይ የተለጠፈች አንዲት ጉርድ ፎቶ ናት። ማህተሙ ግማሽ ፊት ላይ አርፏል፣ የላሚኔቱ ጠርዝ ተነስቷል። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ቀስ ብዬ አነሳዋለሁ፣ ማህተሙን ከጉንጩ ላይ በጥቂት በጥቂቱ አጠፋለሁ፣ የኮቱን ትከሻ እሞላለሁ። ሌሊቱ እስኪጋመስ የሰውየውን ዓይን ስመለከት፣ በሕይወት ሳለ ያላገኘሁትን ሰው የማውቀው ይመስለኛል።

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ሌላ ጥያቄ መጣ። «አባባ መታወቂያው ላይ ተኮሳትረዋል፤ በኤአይ ፈገግ አድርግልን፤ ሙሉ ሱፍም አልብሳቸው።» ባለፈው ሳምንት የመጡ ወንድምና እህት በዚህ ጉዳይ ስቱዲዮዬ ውስጥ ተጣሉ። እህት ፈገግታውን ፈለገች፣ ወንድም «አባባ መቼ በካሜራ ፊት ስቀው ያውቃሉ?» አለ። ሁለቱም እያለቀሱ ነበር። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚጠይቀውን እምቢ ማለት እንዴት ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እምቢ አልኩ። ለእህትየው የነገርኳትን እዚህም ልድገመው፦ ማህተሙን እኔ አነሳዋለሁ፤ ማህተሙ የቀበሌው ነው። ኩስትርናው ግን የአባትሽ ነው፤ መታወቂያ ሊያወጡ ተሰልፈው፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ ፎቶ አንሺው «ቀና በሉ» ሲላቸው የሰጡት ፊት ነው። እኔ የማላውቀውን ፈገግታ ፈጥሬ ብሰጥሽ፣ ልጆችሽ አያታቸውን በዚያ ፈገግታ ያስታውሳሉ፤ እሱ ደግሞ የማንም ፈገግታ አይደለም። ትንሽ ዝም ብላ «እሺ፣ እንደ ራሳቸው ይሁኑ» አለች። ሌላ ቤት ሄዳ ብታሠራውም መብቷ ነበር፤ በየመንገዱ የሚሠሩ አሉ። ከእኔ ቤት ግን ወደፊትም እንዲህ ያለ ፎቶ አይወጣም።