በግማሽ ዋጋ መርከብ



በ2012 ዓ.ም. የረጅም ዘመን ጓደኛዬ ከቨርጂኒያ ደወለችልኝ። ልጇን ልትጠይቅ አሜሪካ ከሄደች አራተኛ ወሯ ነበር። ልጅቷ ከፍሎሪዳ ተነሥቶ ባሃማስ ደርሶ የሚመለስ የአንድ ሳምንት የመዝናኛ መርከብ ጉዞ በግማሽ ዋጋ አግኝታለች። በሁለት ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ቅናሹ ያልፋል፤ ከተከፈለ ደግሞ ገንዘቡ አይመለስም። «አንቺ ነርስ ነሽ፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወዲያው «ቅሪ» ለማለት አንጀቴ አልቻለም። ጓደኛዬ ባሕር ያየችው በወጣትነቷ ምጽዋ ሳለች ነው። ልጇም ቅዳሜና እሑድን ጭምር ስለምትሠራ፣ እናትና ልጅ በወጉ ቁጭ ብለው የተጫወቱበት ቀን ጥቂት ነው።

ነገር ግን ጓደኛዬ 71 ዓመቷ ነበር፤ የደም ግፊትና የስኳር ሕመምም ነበረባት። ጉዞው የረከሰው ደግሞ ሰው ኮሮናን ስለፈራ ነበር። የፈራውም በከንቱ አልነበረም።

ጃፓን፣ ዮኮሃማ ላይ የቆመችውን ዳይመንድ ፕሪንሰስን አስታውሱ። በሽታው የተገኘበት የ80 ዓመት መንገደኛ ጥር 16 ቀን ሆንግ ኮንግ ላይ ወርዶ ነበር። መርከቧ ውስጥ 3,711 ሰዎች ነበሩ። ከጥር 27 ጀምሮ መንገደኞቹ ከክፍላቸው እንዳይወጡ ታዘዙ፤ አንዳንዱ ክፍል መስኮት እንኳ የለውም። ሠራተኞቹ ግን ምግብ እያበሰሉና እያደረሱ፣ ማታ በጋራ ክፍል ያድሩ ነበር። በመጨረሻ ከ700 በላይ ሰዎች ተያዙ። ካሊፎርኒያ አጠገብ በቆየችው ግራንድ ፕሪንሰስም መጀመሪያ ከተመረመሩት 46 ሰዎች ቫይረሱ በ21ዱ ላይ ተገኘ፤ ከእነሱም 19ኙ ሠራተኞች ናቸው። ሳህኑን የሚያቀርቡት፣ አልጋውን የሚያነጥፉት ማለት ነው።

በ1981 ዓ.ም. የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ጊዜ ገና ወጣት ነርስ ነበርኩ። በሽታው የተለየ ቢሆንም ያኔ የተማርኩትን አልረሳሁም፦ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ሰው ተጠጋግቶ የሚኖርበትን ቤት ይወዳል።

ልጅቷ ስልኩን ተቀብላ፣ «እትዬ፣ እንደ ጉንፋን ነው እኮ የሚሉት» አለችኝ። «ላንቺ ሊሆን ይችላል» አልኳት። ከቻይና በወጣው ዘገባ በበሽታው ከተያዙት የሞቱት በአጠቃላይ 2.3 በመቶ ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 79 ከሆነው ግን 8 በመቶ ናቸው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም በ2012 ዓ.ም. ዜጎቹን፣ በተለይም ሌላ ሕመም ያለባቸውን፣ በመዝናኛ መርከብ እንዳይሄዱ መክሮ ነበር።

ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ እንድትይዝ ነገርኳትና እነዚህን ጠየቅኳት። መርከቧ ሁለት ሳምንት ብትታገድ የእናትሽ መድኃኒት ይበቃል? የመርከብ ክሊኒክ አቅሙ ውስን ነው፤ ትንፋሽ ቢያጥራት የት ትወሰዳለች? እንግዳ ናትና የሆስፒታሉን ሂሳብ ማን ይከፍላል? ከመነሣታችሁ በፊት ብታተኩስስ ገንዘቡ ይመለሳል? ልጅቷ ዝም አለች። ለአንዱም መልስ አልነበራትም።

«የጉዞው ዋጋ ግማሽ አይደለም፤ ሌላው ግማሽ ያለው እዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ነው» አልኳት።

ወላጆችና አያቶች፣ ልጆቻችን በፍቅር ሲጋብዙን እምቢ ማለት ይከብደናል። «እንዳላስቀይማት» ብለን ሕመማችንን እንደብቃለን። እናንተም ልጆች፣ ለእናታችሁ ከመክፈላችሁ በፊት መድኃኒቷን ቁጠሩ፣ ሐኪሟን አማክሩ፣ የማይመለስ ገንዘብ አትክፈሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ከዚያ ጓደኛዬ መልሳ ደወለች። መርከቡ ቀርቷል። ልጅቷ ግን የወሰደችውን ፈቃድ አልሰረዘችም። በራሷ መኪና ሁለቱ ብቻ ቨርጂኒያ ቢች ድረስ ሊሄዱ ነው። ስንቃቸውንም ከቤት ይዘው፣ ነፋሻው አሸዋ ላይ ይቀመጣሉ።

«ጋቢዬን እይዛለሁ፤ ብርድ ነው አሉ» ብላ ሳቀች። ባሕሩ እንደሆነ ከዳርም ይታያል።