አልበለድና ጉለይል፦ የጅዳ ሁለት ገጽታ

ለትምህርት ጅዳ የገባ ኢትዮጵያዊ ሁሉ መጀመሪያ የሚጎበኘው አልበለድን ነው። እኛም ባለፈው ዓርብ አዲስ የመጡ ጓዶችን ይዘን በባብ መካ ገባን። ከባሕር በወጣ ድንጋይ የተሠሩትን ፎቆችና ሮሻን የሚባሉትን የእንጨት መስኮቶች ቀና ብለን እያየን፣ በሱቅ አልዐለዊ በኩል እስከ ናሲፍ ቤት ዘለቅን። ንጉሥ አብዱልአዚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ጅዳን ሲይዙ ያረፉት እዚህ ነው። ሰፈሩ በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። አንዲት የሐረር ልጅ ጀጎልን አስታውሳ «የከተማው ግንብ የት አለ?» ስትል ጠየቀች። በ1947 ፈርሷል፤ ዛሬ የሚታዩት በሮቹ ናቸው።

ጥገናውን አንቃወምም፤ እንዲያውም ደስ ይላል። ነገር ግን አስጎብኚዎች ስለ ነጋዴዎቹ ሀብት አብዝተው ሲያወሩ፣ ከአገራችን ተግዘው በምጽዋና በታጁራ በኩል ወደዚህ ወደብ ስለመጡት ባሮች አንድም ቃል ሲተነፍሱ አልሰማንም። በሳውዲ ዓረቢያ ባርነት የተከለከለው በ1962 ነው። ትናንት ማለት ነው።

ከዚያ በሂንዳዊያ በኩል በእግራችን ወደ ደቡብ፣ ወደ ጉለይል ወረድን። ቀደም ብለው የመጡት ጓዶቻችን ከሠራተኛው ወገናችን ጋር ቡና የጠጡባቸው ጠባብ መንገዶች የሉም። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ከ60 በላይ ሰፈሮች ለፈረሳ ታቅደው፣ ጉለይልና ፔትሮሚን ከመጀመሪያዎቹ ነበሩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2022 እንዳስታወቀው የውጭ አገር ዜጎች ከካሳው ውጭ ተደርገዋል። አሮጌ ከሆነ ይጠበቃል እንዳይባል መካን እንይ። ሙስሊም አባሎቻችን በየጊዜው የሚያዩት ባለ 601 ሜትሩ የሰዓት ግንብ የቆመው፣ የኦቶማኖች የአጅያድ ምሽግ በ2002 በፈረሰበት ቦታ ነው። ስለዚህ የሚለየው ዕድሜ አይደለም፤ ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ነው።

አንዳንድ ጓዶች «ይህ የእነርሱ የውስጥ ጉዳይ ነው፤ እኛ ተማሪዎች ነን» ይላሉ። አንስማማም። የፈረሰውን መመለስ አንችልም፤ የኖሩበትን ሰዎች ቃል መመዝገብ ግን እንችላለን። በጉለይል ዘመናቸውን ያሳለፉ ሁለት እናቶች ሊያጫውቱን ፈቅደዋል። ስማቸውን እዚህ አንጽፍም፤ ምክንያቱን ታውቃላችሁ። የሚቀጥለው የእግር ጉዞ ከእነርሱ ቤት ይጀምር፤ አልበለድን ከሰዓት በኋላ እንደርስበታለን።