ከድስቱ በፊት ጫጩቱ ይመርመር

ለግብርና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከዶሮ ወደ ሰው ስለሚተላለፉ ባክቴሪያዎች

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ዶሮ እርባታ ብዙ ተወርቶለታል፣ ብዙም ተሠርቶበታል። ይህን የምጽፈው ሥራውን ላጣጥል አይደለም፤ ልጆቻችን እንቁላል ያስፈልጋቸዋል። የሚያሳስበኝ ጫጩቱ ይዞት የሚመጣው ነገር ነው።

ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉት ባክቴሪያዎች ብዙውን ጊዜ ዶሮዋን ሳያሳምሙ አንጀቷ ውስጥ ይኖራሉ። ገበያ ላይ ደረቷን ዳብሶ፣ በእጁ መዝኖ የሚገዛ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም።

በዓል በመጣ ቁጥር ምክሩ የሚዘንበው በእናቶች ላይ ነው፦ በደንብ አብስሉ፣ እጃችሁን ታጠቡ። ስለ ማብሰሉ እንኳ ስጋት የለኝም፤ ዶሮ ወጥ ለብ ሲል የሚወርድ ምግብ አይደለም። አደጋው ከምድጃው በፊት ነው። ላባው ተነጭቶ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ አሥራ ሁለቱ ብልት ተለይቶ፣ በሎሚና በጨው እየታሸ ውሃው እስኪጠራ ሲታጠብ የሚፈናጠቀው ጠብታ ቢላዋው ላይ፣ መክተፊያው ላይ፣ ለሰላጣ የተቀመጠው ቲማቲም ላይ ያርፋል። ሎሚው ሁሉንም አይገድልም፤ ካምፒሎባክተር ደግሞ ሰው ለማሳመም ጥቂት መቶዎች ይበቁታል። ውጭ አገር የጤና ባለሙያዎች ጥሬ ዶሮ ከነጭራሹ አትጠቡ ይላሉ። እዚህ ያንን ማን ይሰማል? እኔም አልሰማም። ከቧንቧ ሥር ሳይሆን ሳፋ ውስጥ ቀስ ብሎ ማጠብ፣ ሰላጣውንም ቀድሞ ከትፎ ማንሳት የሚቻል ምክር ነው።

ግን ሸክሙ ሁሉ ለምን ማድ ቤት ላይ ይወድቃል? በ1988 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ጤና ሚኒስትር ዴኤታ ኤድዊና ካሪ አብዛኛው የአገሪቱ እንቁላል ምርት ሳልሞኔላ ነክቶታል ብለው፣ በተነሣው ቁጣ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። መፍትሔው የመጣው ከእርባታው ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች መከተብ ጀመሩ፤ በሽታው እጅግ ቀነሰ። በ2017 እ.ኤ.አ. ከተከተቡ ዶሮዎች የተገኘና የአንበሳ ማኅተም ያለበትን እንቁላል ነፍሰ ጡሮች እንኳ አስኳሉ ሳይጠና ቢበሉት ችግር እንደሌለው የአገሪቱ የምግብ ተቆጣጣሪ አስታወቀ።

የእኛ አገር አሠራር ለዚህ ይመቻል። የአንድ ቀን ጫጩት ከማባዣ ማዕከል ይወጣል፣ አሳዳጊዎች 45 ቀን ያህል ይይዙታል፣ ከዚያ በየቤቱ ይበተናል። ሳልሞኔላ ከእናቲቱ በእንቁላሉ አልፎ ጫጩቱን ሊይዝ ስለሚችል፣ አንድ የተበከለ የወላጅ መንጋ ብዙ መንደር ይደርሳል። ከተበተነ በኋላ ማን ይከተለዋል? ማዕከሉ ላይ ግን መመርመርም መከተብም ይቻላል።

በሽታው አለመቆጠሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከበዓል ማግስት ተቅማጥና ትኩሳት የያዘው ሰው «ምግቡ አልተስማማኝም» ብሎ ይተኛል፤ ጤና ጣቢያ ቢሄድም ዊዳል የተባለው የደም ምርመራ ተሠርቶለት «ታይፎይድ» ተብሎ መድኃኒት ይዞ ሊመለስ ይችላል። የሰገራ ካልቸር ካልተሠራ ዶሮዋ አትጠረጠርም። በዚህ ላይ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ በውሃ እየተበጠበጠ ለዶሮ ሲሰጥ፣ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ወደ ሰው ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ የወላጅ መንጋዎች ምርመራ ግዴታ ይሁን፤ የሚደረግ ከሆነም ውጤቱ በየማዕከሉ ስም ለሕዝብ ይውጣ። አሳዳጊው ከማን እንደሚገዛ አውቆ ይምረጥ። የክትባቱ ወጪም በጫጩቱ ዋጋ ላይ ተጭኖ አርሶ አደሩ ላይ እንዳይወድቅ ሚኒስቴሩ አስቀድሞ ይወስን። መልሳችሁን ከመጪው ፋሲካ በፊት እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ሸማች